መስመሩ የራሱ አውሮፕላን ይኑረው ወይስ አውሮፕላኑ ገበያውን ይከተል?

የአውሮፕላን ትኬት የቆረጠ ሰው የገዛው ምንድን ነው? በተባለው ቀንና ሰዓት ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው መድረስን ብቻ ነው ወይስ ትኬቱን ሲቆርጥ ያየውን የአውሮፕላን ዓይነትም ጭምር? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ላይ ግን ተጓዦች ብቻ ሳይሆኑ በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎችም አይስማሙም። በቦይንግ 787 ድሪምላይነር እሄዳለሁ ብሎ ሲጠብቅ የቆየ መንገደኛ በሌላ አውሮፕላን ተሳፈር ሲባል እንደተታለለ ሊሰማው ይችላል። ለውጡን ያደረገው ባለሙያ ደግሞ ምናልባት በረራው ከነአካቴው እንዳይሰረዝ ብሎ ይሆናል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ስላላቸው፣ ወደ አንዱ ከማዘንበል በፊት አሠራሩን ረጋ ብሎ ማየት ይበጃል።

አየር መንገዶች አውሮፕላንን ከመስመር ጋር የሚያገናኙት በአንድ ጊዜ ውሳኔ አይደለም። ከወራት በፊት የወቅቱ መርሐ ግብር ሲወጣ ለእያንዳንዱ በረራ የአውሮፕላን ዓይነት ይመደባል፤ ይህኛው በቦይንግ 787፣ ያኛው በቦይንግ 737 ይባላል። ቀኑ ሲቃረብ፣ የጥገና ቀጠሮ እየታየ፣ ከዚያ ዓይነት ውስጥ የትኛው አውሮፕላን እንደሚሄድ ይለያል። በመጨረሻም በዕለቱ ብልሽት፣ ጭጋግ ወይም መዘግየት ሲያጋጥም የበረራ መቆጣጠሪያው ክፍል በእጁ ያለውን እያየ ያቀያይራል። በክርክሩ ውስጥ እነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ይጠራሉ። ነገር ግን ከሦስት ወር በፊት የተደረገ ለውጥና ሦስት ሰዓት ሲቀረው የተደረገ ለውጥ በምክንያትም ሆነ በሚያስከትሉት ጉዳት የተለያዩ ናቸው።

የምደባው ስሌት የሚዋዥቀው በሁለት ኪሳራዎች መካከል ነው። ትልቅ አውሮፕላን ትንሽ ገበያ ላይ ከተመደበ ባዶ ወንበር ነዳጅ እያቃጠለ ይበራል። ትንሽ አውሮፕላን ትልቅ ገበያ ላይ ከተመደበ ደግሞ መክፈል የሚፈልግ መንገደኛ ቦታ አጥቶ ወደ ተፎካካሪ ይሄዳል። የአሜሪካው ዴልታ አየር መንገድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኮልድስታርት የተባለ የሒሳብ ሞዴል ያሠራው ይህንኑ ለመፍታት ነበር። በሺዎች ለሚቆጠሩ የቀን በረራዎች ተስማሚውን ዓይነት በእጅ አስልቶ መጨረስ የሚቻል አልነበረም።

ምደባው እንደ ገበያው ይለዋወጥ የሚሉት ወገኖች መነሻ እዚህ ላይ ነው። በረራው የሄደ ወንበር ነገ አይሸጥም፤ የመንገደኛው ቁጥር ግን ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሁለት የቦይንግ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ የትኬት ሽያጩ እየታየ የበረራው ቀን እስኪቃረብ ድረስ ተቀራራቢ አውሮፕላኖችን ማለዋወጥ የአየር መንገድን ትርፍ ሊያሻሽል እንደሚችል አሳይተዋል። ሐሳቡን ለኢትዮጵያ አንባቢ ለማስረዳት የቀን መቁጠሪያ ይበቃል። ለገና ወደ ላሊበላ፣ ለጥምቀት ወደ ጎንደር፣ ለኅዳር ጽዮን ወደ አክሱም፣ በሐጅ ወቅት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚጓዘው ሕዝብ ከሌላው ጊዜ ጋር አይወዳደርም። በዓመቱ አማካይ ላይ ተመሥርቶ አንድ መጠን ያለው አውሮፕላን ብቻ መመደብ በዓል ሲደርስ ሰው ያስቀራል፤ በዓሉ ሲያልፍ ባዶ ያስኬዳል።

ይሁንና ይህ መከራከሪያ የሚመስለውን ያህል ሰፊ አይደለም። አውሮፕላን ስለተገኘ ብቻ አይበርም፤ በዚያ ዓይነት የሠለጠነ አብራሪ ያስፈልገዋል። አንድ አብራሪ መንገደኛ ይዞ ለመብረር በአብዛኛው ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አንስቶ ማሳረፍ ስለሚጠበቅበት፣ ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓይነት ወይም ከአንድ ቤተሰብ አይወጡም። የበረራ አስተናጋጆቹም የዚያን አውሮፕላን በርና የአደጋ ጊዜ መሣሪያ ማወቅ አለባቸው። መድረሻው አየር ማረፊያም በቂ መንደርደሪያ፣ የሚመጥን የእሳት አደጋ ዝግጅትና የመለዋወጫ አቅርቦት ሊኖረው ይገባል። የሒሳብ ሞዴሉ የሚያሳየው ጥቅም እነዚህ ወጪዎች ሲቀነሱለት ሊያንስ፣ አንዳንዴም ላይገኝ ይችላል።

መስመሩ ቋሚ አውሮፕላን ይኑረው የሚሉት በበኩላቸው የሚያነሱት ክብደት ያለው ነገር ነው። ለእነሱ አውሮፕላኑ ራሱ የዕቃው አካል ነው። በ787 እና በኤርባስ ኤ350 ውስጥ የሚኖረው የአየር ግፊት ቢበዛ ከ1,800 ሜትር ከፍታ ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ተሠርቷል፤ በቀደሙት አውሮፕላኖች ልኩ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ቦሌ አየር ማረፊያ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ የተነሳ መንገደኛ በድሪምላይነር ውስጥ ከተነሳበት ከተማ ባነሰ ከፍታ ላይ ያለ ያህል ይተነፍሳል። ከአሥር ሰዓት በላይ ለሚቀመጥ አዛውንት ወይም የመተንፈስ ችግር ላለበት ሰው ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በቢዝነስ ክላስም እንዲሁ ነው፤ ተዘርግቶ አልጋ ለሚሆን ወንበር የከፈለ ሰው በ737 ላይ ወደ ኋላ ብቻ የሚንጋለል ወንበር ቢያገኝ የከፈለውን አገኘ ማለት ይከብዳል።

ከዚህም የሚብሱ ጉዳዮች አሉ። ጨቅላ ይዛ የምትጓዝ እናት የሕፃን አልጋ የሚሰቀልበትን ወንበር ከወር በፊት አስይዛ ሊሆን ይችላል። አውሮፕላኑ ሲቀየር የወንበር ካርታው ስለሚቀየር ያ ቦታ ላይኖር ይችላል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ መንገደኛ ባለ ሁለት መተላለፊያ አውሮፕላን መርጦ የነበረው መጸዳጃ ቤቱ ስለሚመቸው ከሆነ፣ በባለ አንድ መተላለፊያ ሲተካ የጉዞው መልክ ጨርሶ ይለወጣል። እነዚህን መንገደኞች ከመድረሻችሁ አልቀራችሁም ብሎ ማለፍ ፍትሐዊ አይመስልም።

ከሌላው ወገን ሆነን ስናየው ግን ምደባውን ማጥበቅም መንገደኛውን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ቦሌን እንውሰድ። ማለዳ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ፣ ከእስያና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የገቡ መንገደኞች ወደ አፍሪካ ከተሞች በሚነሱ በረራዎች ይበተናሉ፤ ማምሻውን ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። እንዲህ በማገናኘት ላይ በቆመ አሠራር የአንዱ መዘግየት ወደ ሌላው ይዛመታል። ከዋሽንግተን የሚመጣ አውሮፕላን በሦስት ሰዓት ዘገየ እንበል፤ ማረፊያው ላይ የሚጠብቀው ሥራ ደግሞ የጆሃንስበርግ በረራ ነበር። ተቆጣጣሪው ወይ የጆሃንስበርግን መንገደኛ ሦስት ሰዓት ያስጠብቃል፣ ወይ ለናይሮቢ የተዘጋጀውን 787 ለጆሃንስበርግ ሰጥቶ ናይሮቢን በ737 ይሸኛል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የተለመደው 787-8 አውሮፕላን 270 ያህል ወንበር ሲኖረው፣ 737ቱ ከ150 እስከ 160 አለው። ለናይሮቢ የተሸጠው 140 ትኬት ከሆነ ውሳኔው ቀላል ነው፤ ናይሮቢ ጉዞው አጭር ነው፣ ማንም አይቀርም። የተሸጠው 200 ከሆነ ግን ቢያንስ 40 ሰው ይቀራል። ቢዝነስ ክላስም በ787-8 ላይ 24፣ በ737 ላይ 16 ወንበር ነው፤ 20 ሰው ከከፈለ አራቱ ወደ ኋላ ይወርዳሉ። የጆሃንስበርግን 250 መንገደኞች መታደግና አራት ሰዎችን ከክፍላቸው ማውረድ በአንድ ሚዛን ላይ ሲወጡ፣ ብዙዎቻችን በተቆጣጣሪው ቦታ ብንሆን የምንመርጠው ተመሳሳይ ሳይሆን አይቀርም። ከአራቱ አንዱ ብንሆን ግን የምንናገረው ሌላ ነበር።

ከውጭ ሲታይ ምክንያት የለሽ የሚመስለው ምደባም አንዳንዴ ተጨባጭ ምክንያት አለው። የቦሌ አየር ስስ ነው። ሞተሩ የሚያመነጨው ኃይል ይቀንሳል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት ከፍ ያለ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ በባሕር ጠለል ላይ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ የሚነሳ አውሮፕላን ከቦሌ ሲነሳ አንዱን መቀነስ ይኖርበታል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት እንደ ደብሊን ባሉ ከተሞች እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ፣ ከዋሽንግተን የሚመለሰው ግን ያለማቋረጥ አዲስ አበባ ሲገባ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። በእንዲህ ያለ ረጅም መስመር ላይ ዓይነት መቀየር የሻንጣን፣ የጭነትን፣ አልፎም የመንገደኛን ቁጥር ስለሚነካ እንደ ቀላል አይታይም። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ መሆኑ ይህን ገደብ ሊያላላ ይችላል፤ ጨርሶ ያጠፋዋል ማለት ግን አይቻልም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሌላው ጉዳይ ከመንገደኛው እግር በታች ያለው ነው። በባለ ሁለት መተላለፊያ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ጭነት በኮንቴይነርና በፓሌት ተደራጅቶ ይገባል። በ737 ሆድ ውስጥ ግን ሠራተኞች ጎንበስ ብለው ሻንጣውን አንድ በአንድ በእጃቸው ይደረድራሉ። 150 መንገደኞች እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ቢይዙ 6,900 ኪሎ ይሆናል። ከጓንዡ ሸቀጥ ገዝቶ በአዲስ አበባ በኩል ወደ አገሩ የሚመለስ ነጋዴ ወይም ከዓመታት በኋላ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤተሰቧ ዕቃ ይዛ የምትመጣ እህት የተፈቀደውን ኪሎ እስከ ጫፉ ይጠቀማሉ። እንዲህ ባለው መስመር ላይ አነስ ያለ አውሮፕላን መተካት ሰውን አድርሶ ሻንጣን ሊያስቀር ይችላል። ምደባው ይለዋወጥ የሚሉት እንኳ ይህን ወጪ ብዙ ጊዜ በስሌታቸው ውስጥ አያካትቱትም ተብለው ቢተቹ ትችቱ ተገቢ ይመስላል።

ክርክሩ ከዕለት ምደባ አልፎ አየር መንገዱ ስንት ዓይነት አውሮፕላን ይኑረው ወደሚለውም ይደርሳል። የአሜሪካው ሳውዝዌስት በ737 ብቻ ነው የሚበረው፤ የአየርላንዱ ራያንኤርም ከሞላ ጎደል እንደዚያው ነው። በዚህ አሠራር የትኛውም አብራሪ የትኛውንም አውሮፕላን ያበርራል፣ መለዋወጫው አንድ ነው፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ሲተካ መንገደኛው ልዩነቱን ልብ ላይለው ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ከ70 በላይ መንገደኛ ከሚይዘው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው400 አንስቶ በ737፣ በ787፣ በ777 እና በኤ350 ይሠራል። ከአዲስ አበባ ጅማም፣ ጓንዡም፣ ዋሽንግተንም የሚደርስ ድርጅት በአንድ ዓይነት ሊሠራ እንደማይችል ግልጽ ነው። ዋጋው ግን ሥልጠናውም፣ ጥገናውም፣ የምደባው ውስብስብነትም መብዛቱ ነው።

ልዩ ልዩ ዓይነት መያዝን የሚደግፉት «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ምክር የሚያስታውስ ልምድ አላቸው። የሕንዱ ጎ ፈርስት አየር መንገድ በአብዛኛው በአንድ የሞተር ዓይነት በሚሠሩ ኤ320 ኒዮ አውሮፕላኖች ላይ ተመክቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ፣ ግማሽ ያህሉ አውሮፕላኖቹ በሞተር እጦት መሬት ላይ ቆመው እንደነበር ገልጿል። ሞተሩን የሚሠራው ኩባንያ በዚህ ክስ አልተስማማም፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በሞተሩ ላይ መጫን ላያስኬድ ይችላል። በሌላ በኩል ብዙ ዓይነት መያዝም መድን አይደለም። እያንዳንዱ ዓይነት በቁጥር ትንሽ ከሆነ አንዱ ሲጎድል የሚተካው ተመሳሳይ አይገኝም፤ ያን ጊዜ መንገደኛው ላይ የሚደርሰው መቀያየር ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ ሊነሳ የሚገባው የመተማመን ጉዳይ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ተከስክሶ 157 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ 737 ማክስ በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታግዶ ቆይቷል። ቦይንግ ሶፍትዌሩን አሻሽሎ፣ ተቆጣጣሪዎች መርምረውት፣ የአብራሪዎች ሥልጠናም ተጨምሮ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ እገዳው በየአገሩ ተነሳ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በጥር 2014 ዓ.ም. ማክስን መልሶ ሥራ ላይ አውሏል። አንድ ወገን ተቆጣጣሪ የፈቀደውን አውሮፕላን መንገደኛ ልምረጥ ቢል ሥራው ሁሉ ይታጎላል ይላል፤ ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሌላው ወገን ሐዘኑ ያልደረቀለት ሰው በምን እንደሚሳፈር የማወቅ መብት አለው ይላል፤ ይህም ትክክል ነው። ሁለቱ የግድ አይጋጩም። የማወቅ መብት ከማስቀየር መብት ይለያል፤ የመጀመሪያውን ማክበር ለአየር መንገዱ ብዙም ወጪ የለውም።

ሕጉስ ምን ይላል? የአየር መንገዶች የማጓጓዣ ውል ከጥንት ጀምሮ አጓጓዡ አስቀድሞ ሳያሳውቅ ሌላ አውሮፕላን ሊተካ እንደሚችል ሲገልጽ ኖሯል። ስለዚህ የዓይነት ለውጥ በራሱ አብዛኛውን ጊዜ ካሣ አያስገኝም። ክፍል ማውረድ ግን ሌላ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 መሠረት ከኅብረቱ አየር ማረፊያ የሚነሳ መንገደኛ ከከፈለበት ክፍል ከወረደ፣ እንደ ፍራንክፈርት እና አዲስ አበባ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ ጉዞ የትኬቱን ዋጋ 75 በመቶ ማስመለስ ይችላል። አየር መንገዱ የኅብረቱ አባል አገር ኩባንያ ባይሆንም ድንጋጌው ከዚያ ለሚነሳ በረራ ይሠራል። አሜሪካ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ደንብ ደግሞ ክፍል መውረድ ብቻ ሳይሆን፣ ለአካል ጉዳተኛ መንገደኛ ምቹነቱ ባነሰ አውሮፕላን መተካትም ጉዞውን ላልተቀበለው ሰው ገንዘብ የሚያስመልስ ለውጥ ሆኗል። እነዚህ ደንቦች አየር መንገዱ እንዳይቀይር አልከለከሉም፤ የለውጡ ጉዳት ማን ላይ እንደሚያርፍ ነው የወሰኑት።

በአገር ውስጥ በረራም ተመሳሳይ ምርጫ አለ፤ መልኩ ግን ይለያል። ለአንድ ከተማ 300 መንገደኛ ካለ፣ በኪው400 በቀን አራት ጊዜ መመላለስ ወይም በ737 ሁለት ጊዜ መሄድ ይቻላል። አራቱ በረራ ጠዋት ሄዶ ማታ ለሚመለስ ሠራተኛና ለታማሚ ይመቻል፤ በአጭር ርቀት ላይ ባለ ፕሮፔለሩ ነዳጅም ይቆጥባል። ሁለቱ ትልልቅ በረራዎች በበኩላቸው አብራሪና የማረፊያ ሰዓት ይቆጥባሉ፣ ለአስጎብኚ ቡድንም ይመቻሉ። የትኛው እንደሚሻል ያለ መስመሩ ታሪክ በጥቅሉ መናገር አይቻልም፤ ለጅማ ትክክል የሆነው ለመቐለ ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ ወዴት እናዘንብል? ምደባው ይቀያየር የሚሉት በመሠረቱ የተሳሳቱ አይመስልም። ዓመቱን ሙሉ አንድ አውሮፕላን ለአንድ መስመር ማሰር ዋጋን ከፍ ያደርጋል፣ በችግር ቀንም መውጫ ያሳጣል። ያለ ገደብ መቀያየርም የተሸጠውን ነገር ዋጋ ያሳጣል። መካከለኛው መንገድ ምናልባት መቀያየሩን በቤተሰብ ውስጥ ማድረግ ነው። 787-8ን በ787-9፣ ኤ350-900ን በኤ350-1000፣ የቀደመውን 737 በማክስ መለወጥ የመንገደኛው ቁጥር ሲዋዥቅ ማስተካከያ ይሰጣል። አብራሪዎቹም በአጭር የልዩነት ሥልጠና ሊሸጋገሩ ይችላሉ፤ የ777 እና የ787 አብራሪዎች እንኳ በአሜሪካና በአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ዘንድ በጋራ የብቃት ፈቃድ ይታያሉ። ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ መዝለል፣ በተለይም ከባለ ሁለት ወደ ባለ አንድ መተላለፊያ መውረድ፣ በተቻለ መጠን ለብልሽትና ለመስተጓጎል ቀን ብቻ ቢቀመጥ የሁለቱንም ወገን ስጋት በከፊል ይመልሳል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ለገበያ ተብሎ የሚደረገው ለውጥ መንገደኛው አማራጭ መፈለግ በሚችልበት ጊዜ ውስጥ ቢያልቅና በስልክ መልእክት ቢነገር፣ ልዩነቱን የሚፈልግ ሰው ቀኑን ያለ ቅጣት ቢቀይር፣ ለሌላው ብዙ ጣጣ አይሆንም። በዕለቱ ለሚደረገው ለውጥ ይህ አይሠራም። እዚያ ላይ የሚሻለው የሕፃን አልጋ፣ የተሽከርካሪ ወንበርና የተዘርጊ አልጋ ጉዳይ ያለባቸውን መንገደኞች ዝርዝር ተቆጣጣሪው ከመወሰኑ በፊት እንዲያየው ማድረግ ነው። ክፍሉ የወረደ ሰውም ልዩነቱን እንዲለምን ሳይሆን በራሱ እንዲመለስለት ማድረግ ይገባል።

ይህ መፍትሔ ሁለቱንም ወገን ሙሉ በሙሉ አያረካም። ቋሚ ምደባ የሚፈልገው መንገደኛ አሁንም አንዳንዴ ካሰበው በተለየ አውሮፕላን ይሳፈራል። የመቀያየር ነፃነት የሚሻው ባለሙያም ሊያገኝ ይችል የነበረውን ትርፍ በከፊል ይተዋል፣ ተመላሽ የሚከፈለውም ገንዘብ በመጨረሻ በትኬት ዋጋ ላይ ሊጨመር ይችላል። ሆኖም ተመላሹ በራሱ የሚከፈል ከሆነ ተቆጣጣሪው አራቱን መንገደኞች ሲያወርድ ወጪውን ከውሳኔው በፊት ያያል፤ ለውጡ ያንን ወጪ ከፍሎም የሚያዋጣ ከሆነ ያደርገዋል፣ ካልሆነም ይተወዋል። መንገደኛውም ለምን እንደተቀየረና ምን እንደሚመለስለት ካወቀ፣ ባይደሰት እንኳ እንደተታለለ አይቆጥረውም።